የቡና ለቀማና የገና በዓል

በአገራችን የወቅት አቈጣጠር በጋ ታኅሣሥ 26 ቀን ይገባል፤ ከሦስት ቀንም በኋላ፣ በ29፣ የልደት በዓል ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ ግን በ28 ቀን ይከበራል።

በቴፒ አገር ከዚህ በፊት ያለው ወራት የቡና ለቀማ ነው። ልጆች ወላጆቻቸውን እየረዱ ቀዩን ፍሬ ብቻ ይለቅማሉ፤ አረንጓዴው ከተቀላቀለበት የቡናው ጣዕም ይበላሻልና። ስለዚህ በትንሹ የገጠር ትምህርት ቤት ብዙ መቀመጫ ባዶ ሆኖ ይሰነብታል።

ገና ሲደርስ ልጆቹ ይሰበሰባሉ። አንዳንዶቹ ግቢውን ይጠርጋሉ፤ አንዳንዶቹ ቄጠማ ይጐዘጕዛሉ፤ ሌሎቹም ጫፉ ቈልመም ያለ ዱላ ከዱር ቈርጠው ያመጣሉ። ከዚያም በሁለት ወገን ተከፍለው ከእንጨት የተሠራውን እሩር በዱላ እየመቱ ወደ ባላጋራቸው ወሰን ይነዱታል። የሸከቾው፣ የሸኮውና የመዠንገሩ ልጅ በአንድ ወገን ይቆማሉ። በቀድሞ ዘመን በዚህ ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ነበሩ፤ የተመታም አይቈጣም ነበር።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን አንድ ሥራ ይቀራል። በለቀማ ምክንያት ትምህርት ያመለጠው ልጅ ወደ ኋላ እንዳይቀር፣ ያልቀረው ጓደኛው ያስጠናው ዘንድ ይገባል። ልጆች ሆይ፣ በሜዳ ያልተለያየ ጓደኛ በመጽሐፍ ፊት ስለ ምን ይለያያል?