ተጨማሪ መረጃ፦ «አድቫይስ» እና «አድቫይዝ»

እነዚህ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በትርጉም ይዛመዳሉ፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚይዙት ቦታ ግን የተለያየ ነው። «አድቫይስ» ስም ሲሆን «ምክር» ማለት ነው። «አድቫይዝ» ደግሞ «መከረ» የሚል ትርጉም ያለው ግስ ነው። ሲጻፉ ስሙ በ«ሲ»፣ ግሱ በ«ኤስ» ፊደል ይለያሉ።

አማርኛ «ምክሮች» ብሎ ያበዛል። በእንግሊዝኛ ግን «አድቫይስ» የማይቆጠር ስም፣ ማለትም አንድ፣ ሁለት ተብሎ የማይቆጠርና የብዙ ቁጥር ምልክት የማይጨመርበት ስም ነው። ስለዚህ «አንድ ምክር» ለማለት «አ ፒስ ኦቭ አድቫይስ» ይባላል።

«ጥቅም» የሚል ትርጉም ያለው «ዩስ» እና «ተጠቀመ» የሚለው «ዩዝ»ም እንደ «አድቫይስ» እና «አድቫይዝ» በ«ስ» እና በ«ዝ» ድምፅ ይለያያሉ፤ የሚጻፉት ግን በአንድ ዓይነት ፊደላት ነው።

ሞክሩት፦ ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጋችሁ መጀመሪያ «ስስስ»፣ ቀጥሎ «ዝዝዝ» በሉ። ንዝረት የተሰማችሁ በየትኛው ነው?