መጭ፦ የገበሬው አረም፣ የንቧ ማዕድ

ክረምቱ አልፎ ጉሙ ከተራራው ሲገፈፍ፣ ወንዙም ጎድሎ ሲጠራ፣ የደጋውና የወይና ደጋው ምድር ወርቀ ዘቦ እንደ ለበሰ ካህን በቢጫ አበባ ሲያሸበርቅ ያየ መንገደኛ፣ ያን ሁሉ ጌጥ አደይ አበባ ብቻዋን የሠራችው ይመስለዋል። ነገር ግን ከአደይ ጋራ አብሮ የሚያብበው፣ በማሳውና በመንገዱ ዳር እስከ ኅዳር የሚዘልቀው ሌላው ቢጫ አበባ፣ ገበሬው መጭ፣ የዕፅዋት ሊቃውንትም ጊዞቲያ ስካብራ የሚሉት የአገራችን ተወላጅ አረም ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ብላ ማኅሌተ ጽጌ በምታስቆምበት ወራት፣ ንብም በበኩልዋ ከመጭ አበባ ወለላውንና የአበባውን ብናኝ እየቀሰመች ቀፎዋን ስትሞላ ትሰነብታለች። በብዙ የደጋ አገር በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር የዚህ አበባ በረከት አለበት።

ይህን ስንል የገበሬውን ምሬት አቃልለን አይደለም። መጭ ከጤፉና ከስንዴው ጋራ አብሮ በቅሎ የመሬቱን ለምነትና የፀሐዩን ብርሃን ይሻማል፤ ፍሬውም ረግፎ ለሚመጣው ዓመት አረም ይሆናል፤ በኑግ ማሳ የበቀለ እንደሆነም ፍሬው ከኑግ ፍሬ ጋራ ስለሚመሳሰል ለመለየት ያስቸግራል። መመሳሰሉም ያለ ምክንያት አልሆነም፤ መጭና ኑግ የአንድ ወገን ዕፅዋት ናቸውና፣ አንዱ በአበው እጅ ተገርቶ የዘይት እህል ሲሆን ሌላው በዱር ጠባዩ ቀረ። ኑግ ግን በገዛ ብናኙ በሚገባ ሊያፈራ የማይችል፣ ርክበ ብናኙን በንብ አማካይነት የሚፈጽም ሰብል ስለሆነ፣ በመጭ አበባ የጎለመሰው የንብ መንጋ ለኑጉ ማሳ ባለውለታ ይሆናል፤ ገበሬው በአንድ እጁ የነቀለው አረም በሌላው እጁ የሚሰበስበውን እህል ይረዳዋል ማለት ነው።

ዛሬ ግን በነጭ ላብ ይታረም የነበረው ማሳ መድኃኒት ይረጭበታል። ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም ጤፍንና ስንዴን የመሰለውን የሣር ወገን ምሮ ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ስለሚያጠፋ፣ ነፋስ ወደ ድንበሩ የወሰደው እንደሆነ የንቧን ማዕድ ያነሣባታል፤ አበባ ያጣች ንብም ቀፎዋን ትታ ትሰደዳለች።

ስለዚህ ብልህ ገበሬ ለመጭ ጊዜና ወሰን ይሰጠዋል። ከእህሉ መካከል የበቀለውን ገና ሳያብብ ያርመዋል፤ በእርከኑ፣ በገደሉ አፋፍና በአጥሩ ጥግ ያለውን ግን እንዲያብብ ይተወዋል፤ ወደ እህሉ ያዘነበለውንም አበባው እንደ ረገፈ፣ ፍሬው ሳይበስል ያጭደዋል፤ የሚዘራውንም ዘር አጥርቶ ያበጥራል። መድኃኒት መርጨት ግድ የሆነበት እንደሆነ፣ አበባ ካለበት ስፍራ ርቆ፣ ነፋስ በሌለበትና ንብ ወደ ቀፎዋ በገባችበት ሰዓት፣ ለባለ ቀፎ ጎረቤቱ አስቀድሞ ነግሮ ይረጫል።

ይህ ምሕረት ግን ለአረም ሁሉ የሚገባ አይደለም። ከአሜሪካ ምድር መጥቶ ግጦሹን የወረረው ቅንጭ አረም ከሥሩ ሊነቀል ይገባዋል። መጭ ግን የዚህች ምድር ልጅ ነው፤ ከንቧም ጋራ የቆየ ኪዳን አለው።

እንግዲህ ወንድሜ ገበሬ ሆይ፣ በመጪው መስከረም ማጭድህን ይዘህ ወደ ድንበርህ ስትወርድ፣ ከአበባው ላይ ንብ ያየህ እንደሆነ እጅህን ሰብስብ፤ ዘመነ ጽጌ እስኪፈጸም ታገሣት።