«ብርቅ መሬት» ወይስ «የላንታነም ወገን»? ስለ ኒዮዲሚየምና ስለ ስያሜው

ኒዮዲሚየም አቶማዊ ቁጥሩ 60 የሆነ፣ ብርማ ነጭ መልክ ያለው ብረት አስተኔ ነው። በ1,020 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ አየር ሲነካውም ፈጥኖ ኦክሳይድ ይለብሳል። የሚመደብበት ወገን 17 ንጥረ ነገሮች ያሉት ሲሆን፣ ተርጓሚዎቻችን የአውሮፓውያኑን ስያሜ ቃል በቃል እየመለሱ «ብርቅ መሬት» ሲሉት ይታያል። ይህ ስያሜ በአማርኛ ሊጸና ይገባዋልን?

በመጀመሪያ «መሬት» የተባለውን እንመልከት። የ18ኛው መቶ ዓመት ኬሚስቶች በውሃ የማይሟሙ፣ እሳትም የማይለውጣቸው ዱቄቶችን በዚህ ስም ይጠሩ ነበር፤ እነዚህም ዛሬ ኦክሳይድ የምንላቸው ውህዶች ናቸው። እንግዲህ ቃሉ በመነሻው ያመለከተው ውህዱን እንጂ ብረት አስተኔውን አይደለም። በአማርኛ ደግሞ መሬት ሲባል ቦታ፣ እርሻ፣ ይዞታ ይታሰባል። በአንድ የማዕድን ስምምነት ላይ «የብርቅ መሬት ውል» የሚል ሐረግ ቢገኝ አንባቢው ነገሩን የይዞታ ጉዳይ አድርጎ ሊረዳው ይችላል።

«ብርቅ» የሚለውም ቢሆን እውነቱን አይገልጽም። ኒዮዲሚየም በመሬት ቅርፊት ውስጥ ከእርሳስ ይልቅ ይበዛል። ችግሩ ማነሱ ሳይሆን ተበታትኖ መገኘቱ፣ ይልቁንም በጠባይ ከሚመስሉት ወንድሞቹ ለመለየት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ለዚህም የስሙ ታሪክ ምስክር ነው። ስዊድናዊው ካርል ሞሳንደር እ.ኤ.አ. በ1841 ከላንታነም ጋር ተዛምዶ ያገኘውን ነገር፣ መንታ ማለት ከሆነው የግሪክኛ ቃል በመነሣት ዲዲሚየም አለው። ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባህ እ.ኤ.አ. በ1885 ይህን አንድ ይመስል የነበረ ነገር ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ ፕራሲዮዲሚየም ማለትም «አረንጓዴ መንታ»፣ ሌላው ኒዮዲሚየም ማለትም «አዲስ መንታ» ተባለ።

ኒዮዲሚየም መስታወትን ሐምራዊ ያደርጋል፤ በሌዘር መሣሪያም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓንና በአሜሪካ በየፊናቸው የተገኘው፣ ከብረትና ከቦሮን ጋር የተዋሐደበት ቋሚ ማግኔት ደግሞ በገበያ ላይ ካሉት ሁሉ ብርቱው ነው፤ በኤሌክትሪክ መኪና ሞተር፣ በነፋስ ኃይል ማመንጫና በድምፅ ማጉያ ውስጥ ይገኛል። ከዚህ ሁሉ አንዱንም «አዲስ መንታ» የሚለው ፍቺ አይነግረንም።

ስለዚህ የንጥረ ነገሩ ስም በድምፁ «ኒዮዲሚየም» ተብሎ ይጻፍ እንላለን። ለጅምላ መጠሪያው «ላንታናይድ» እንዳይባል፣ ይህ ቃል ስካንዲየምንና ኢትሪየምን ያስቀራል። «የላንታነም ወገን ብረት አስተኔዎች» ቢባል ግን፣ ወገን የተወለደውንም የተዛመደውንም የሚያቅፍ ቃል በመሆኑ፣ 17ቱንም ይሰበስባል፤ ብርቅነትንም መሬትነትንም በሐሰት አይመሰክርም።