ችግኝና የተጠማ አየር

በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በመስከረም ሲያዩት ደስ ያሰኛል፤ ቅጠሉ ለምልሟል፣ አፈሩም ርጥብ ነው። በሚያዝያ ወደዚያው ስፍራ ስንመለስ ግን ብዙ ጊዜ የምናገኘው ደርቆ የቆመ ጭራሮ ነው። እኛም ከተማሪዎቻችን ጋር በአንድ ኮረብታ ላይ የተከልናቸውን የጥድ ችግኞች እንዲሁ ሆነው አግኝተናቸዋል። ከእነርሱ ጥቂት ርምጃ ርቆ የቆመው አሮጌ ጥድ ግን እንደ ለመለመ ነበር። ፀሐዩም፣ አፈሩም፣ ዝናቡም አንድ ሆኖ ሳለ ሽማግሌው ጸንቶ ሕፃኑ ለምን ደረቀ? የዓለም ሙቀት መጨመር በደን ላይ የሚያስከትለውን አደጋ ለመረዳት ከዚህ ጥያቄ መነሣት ይበጃል።

አየርም ይጠማል

ቅጠል ስቶማታ በተባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያስገባል። ቀዳዳዎቹ በተከፈቱ ቁጥር ግን ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አየሩ ሊይዘው በሚችለው የእንፋሎት ግፊትና በእርግጥ በያዘው መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ፣ ከቅጠሉ የሚወጣው ውኃ ይበዛል። ይህን ልዩነት «የአየር ጥማት» እንበለው።

ስሌቱን እንመልከት። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ሊይዝ የሚችለው የእንፋሎት ግፊት 2.34 ኪሎፓስካል ነው። አየሩ የያዘው የዚህን 60 በመቶ ቢሆን ጥማቱ 0.94 ይሆናል። አዲስ እርጥበት ሳይጨመር ሙቀቱ ወደ 22 ዲግሪ ከፍ ቢል የመያዝ አቅሙ 2.64 ይደርሳል፤ ጥማቱም 1.24 ይሆናል። ሙቀቱ የጨመረው 2 ዲግሪ ብቻ ሲሆን ጥማቱ ግን በአንድ ሦስተኛ ያህል አደገ!

ችግኙ ለምን ቀድሞ ይጎዳል?

የአሮጌው ዛፍ ሥር ብዙ ሜትር ሊጠልቅ ይችላል። የችግኙ ሥር ግን ገና የላይኛውን አፈር አልዘለቀም፤ በበጋ ቀድሞ የሚደርቀውም ይኸው አፈር ነው። በተጨማሪም በቀትር ፀሐይ የተራቆተ ደረቅ አፈር ከአየሩ እጅግ ይበልጥ ይሞቃል፤ የችግኙም ግንድ በዚሁ ግለት አጠገብ ይቆማል።

በዚህ ጊዜ ችግኙ በሁለት አደጋ መካከል ይወድቃል። ስቶማታውን ከፍቶ ከቆየ በግንዱ ውስጥ ሽቅብ የሚጓዘው ውኃ ይበጠስና መተላለፊያው በአየር አረፋ ይዘጋል። ስቶማታውን ከዘጋ ደግሞ ምግብ ማዘጋጀቱን ያቆማል። አተነፋፈሱ ግን አይቆምም፤ እንዲያውም ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግምት እጥፍ ይሆናል። ትልቁ ዛፍ ካጠራቀመው ስኳር ይመገባል፤ ችግኙ ግን ስንቁ ጥቂት ነው።

«ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዕፅዋት ምግብ አይደለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 አልፈዋል። ውኃና ማዕድን በሚገኝበት ስፍራ ይህ ዕድገትን ያግዛል። ይሁን እንጂ ደጃፉ ለተዘጋበት ቅጠል የውጭው ሲሳይ አይደርሰውም።

ወራሽ ያጣ ደን

ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። እንግዲህ የ2 ዲግሪ ሙቀት መጨመር ማለት በ2,400 ሜትር ላይ የቆመ ችግኝ ከስፍራው ሳይነቃነቅ ወደ 2,100 ሜትር ግድም እንደ መውረድ ነው። አሮጌው ጥድ የበቀለው በቀዝቃዛው ዘመን ነው፤ ሥሩንም በዚያ ዘመን ሰድዷል። የዛሬው ችግኝ ግን ሕይወቱን የሚጀምረው በሞቀው ዘመን ነው። ስለዚህ አንድ ደን ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ እየታየ በውስጡ ወራሽ ሊያጣ ይችላል።

መፍትሔው ከደኑ ዘንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳመለከተው በደን ጥላ ሥር ያለው ከፍተኛ ሙቀት ከውጭው በአማካይ በ4 ዲግሪ ያህል ያንሳል። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ምርምርም ከብት እንዳይገባ መከልከል ለችግኞች መብቀልና መትረፍ እንደሚረዳ አሳይቷል። እርግጥ ጥላ ከመጠን ሲያልፍ ብርሃን ይነፍጋል፤ ልከኛ ጥላ ግን ለችግኙ ሞግዚት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ በመንግሥት ተገልጿል። የተተከለው መቆጠሩ መልካም ነው፤ የጸደቀውም በየዓመቱ ግንቦት ይቆጠር እንላለን። እናንተም ተማሪዎች ሁለት ቴርሞሜትር ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ደን ሂዱ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አንዱን በደኑ ውስጥ፣ ሌላውን ከደኑ ውጭ፣ ሁለቱንም ቀጥተኛ ፀሐይ እንዳያገኛቸው ጋርዳችሁ አንብቡ። በሁለቱ ንባብ መካከል የምታገኙት ልዩነት ለአንድ ችግኝ የመጽደቅና የመድረቅ ልዩነት ሊሆን ይችላል።