ስለ ጓሳ ምድርና ስለ ሕጉ

የአገርን መልክና የሕዝቡን ኑሮ ማወቅ ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚገባ ነውና፤ ዛሬ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ስላለው ስለ ጓሳ ምድር ጥቂት እንጽፋለን።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍ ያለ፣ ሌሊቱ ውርጭ፣ ማለዳው ጉም የሆነ የሣር አገር ነው። ውሃው እኩሌታው በምሥራቅ ወደ አዋሽ፣ እኩሌታው በምዕራብ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በሜዳው ጅባራ ቆሞ ይታያል፤ ጭላዳ ሣር ይነጫል፤ ቀይ ቀበሮም አይጥ ያድናል።

ጓሳ የተባለው ሣር የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ በዝናብም ጊዜ የሚለበስ ገሳ ይሆናል። ገበሬው ገብስ ይዘራል፤ በግ ያረባል፤ ከበጉም ጠጉር ባናና ዝተት፣ በርኖስም ይሠራል።

በፍርድ ቤት መዝገብ የምንጽፍ ሰዎች የግጦሽ ክርክር ስንቱን ወንድማማች እንደሚያለያይ እናያለን። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የጓሳ ሕግ ያስደንቀናል። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቄሮ በሚባል ሥርዓት፣ አለቃ መርጠው፣ ምድሩን ከ3 እስከ 5 ዓመት እየዘጉ ሣሩን ያሳድጉ ነበር። ሲከፈትም ከብቱ እስከ ሐምሌ 5 ቀን ግጦ ይወጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ቄሮ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ግን ሕዝቡ መክሮ፣ የጥበቃ ኮሚቴ አቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ አጸና።

እንግዲህ አባት ለልጁ በሬና ርስት ሲያወርስ ሕጉንም አብሮ ያውርስ፤ ዛሬ ሳይታጨድ የቀረው ሣር የነገ ልጆች ቤት ክዳን ነውና።