ባህሩ የሁሉም ነው፣ ወንበሩ ግን የኪራይ፦ የቀርጤስን ዳርቻዎች እንዴት እንምረጥ?

ከወዳጆቼ መካከል የዓመት ዕረፍታቸውን በሜዲትራኒያን ደሴቶች ለማሳለፍ የሚያቅዱ ሰዎች ቁጥር ቀላል አይደለም። ገሚሱ አውሮፓ የሚኖሩ ልጆቻቸውን ወይም ወንድሞቻቸውን ሊጠይቁ ሄደው በዚያው ይሻገራሉ። ገሚሱ ደግሞ ከስብሰባ ወይም ከሥልጠና የተረፈቻቸውን ጥቂት ቀን ለዚሁ ያውሏታል። ሁሉም የሚጠይቁኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ “የትኛው ባህር ዳርቻ ይሻላል?” የሚል። መልሱን አብዛኞቹ የሚፈልጉት ከፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፍ ግን የነፋሱን አቅጣጫ፣ የውኃውን ጉልበትና የኪራዩን ዋጋ አይናገርም።

ጉዳዩ የቅንጦት ወሬ የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሆኖም የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ ወር 2024 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ፣ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛው የቪዛ መመርመሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት ከፍ እንዲል መደረጉ ይታወሳል። በዚህ ሁሉ ደጅ ጥናት የተገኘችን አንድ ሳምንት በተሳሳተ ዳርቻ ማባከን ያስቆጫል። ከገንዘቡና ከጊዜው በላይ ደግሞ የልጆች ሕይወት ጉዳይ አለ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለማሳያ የማውቃትን የግሪክ ደሴት ቀርጤስን ልውሰድ። ስሟ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በሐዋርያት ሥራ ላይ ቅዱስ ጳውሎስን የጫነችው መርከብ ያለፈችባት ደሴት ናት። “መልካም ወደብ” የተባለው ስፍራም በደቡብ ዳርቻዋ፣ በዚያው ትርጉም ካሊ ሊሜኔስ እየተባለ ዛሬም አለ። ቀርጤስ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች። ወርዷ ጠባብ ቢሆንም መካከሏን ከ2,400 ሜትር በላይ የሚደርሱ ተራሮች ይከፍሏታል። ስለዚህ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ዳርቻ በጠመዝማዛ መንገድ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። የመጀመሪያው ምርጫ እንግዲህ የዳርቻ ሳይሆን የማረፊያ ከተማ ምርጫ ነው። ለምዕራቡ ሐኒያ፣ ለመካከሉ ሬቲምኖ ወይም ሄራክሊዮን፣ ለምሥራቁ ሲቲያ ይመቻሉ። በአንድ ሳምንት ሁሉንም አያለሁ ያለ ሰው የሚያየው መኪና መንገዱን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር ነፋስ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግሪኮች “ሜልቴሚ” የሚሉት ከሰሜን የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ይህ ነፋስ በተነሳ ቀን የሰሜኑ ዳርቻ በማዕበል ይናወጣል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው መኪናውን አስነስቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሊቢያ ባህር ይሻገራል። በደቡብ ውኃው ብዙውን ጊዜ ረጋ ያለ ነው፤ ሆኖም ነፋሱ በተራሮቹ ሸለቆዎች ተጨምቆ ሲወርድ በድንገት ይበረታል፤ አሸዋውን እያነሳም ይገርፋል። ወቅቱ ሌላ ቢሆንም፣ የጳውሎስን መርከብ ከመንገዷ ያስወጣትም ከደሴቲቱ የወረደ ዓውሎ ነፋስ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ከየብስ ወደ ባህር የሚነፍስ ነፋስ ውኃውን ለጥ አድርጎ የሚያሳይ ቢሆንም በአየር የተነፋ ፍራሽ ላይ የተቀመጠን ሕፃን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ጥልቁ ሊወስድ የሚችል መሆኑ ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ያ ፍራሽ ከመኪናው ባይወርድ ይመረጣል።

ዋና የተማርነው አብዛኞቻችን በላንጋኖ፣ በሐዋሳ ወይም በሆቴል መዋኛ ገንዳ ነው። ሐይቅና ገንዳ ደግሞ የባህርን ጠባይ አያስተምሩም። “ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” የሚለው የአባቶች አባባል በተለይ የሚሠራው በሰሜኑ ረጅምና ክፍት ዳርቻዎች፣ ለምሳሌ ከዮርጎፖሊ እስከ ሬቲምኖ ባለው አሸዋ ላይ ነው። ማዕበል ባለበት ቀን ወደ ዳር የመጣው ውኃ በጠባብ መስመር ተመልሶ ወደ ውስጥ ይፈስሳል፤ ዋናተኛውንም ይዞት ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ፊት ለፊት መታገል አቅም ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከመስመሩ መውጣት፣ ከዚያም ወደ የብስ መመለስ ነው መፍትሔው። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ውኃ ውስጥ አይገባም፤ ነፍስ አዳኝ የሌለበት ዳርቻም ለልጆች የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም።

ከዚህ በኋላ ዳርቻውን ከሰዉ ጋር ማመሳሰል ነው። ትንንሽ ልጆች ላሉት፣ በደቡብ ምዕራብ ጫፍ የሚገኘው ኤላፎኒሲ ውኃው እጅግ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ይመቻል። አሸዋው ሐምራዊ የሚመስለው በጥቃቅን የባህር ፍጥረታት ቅርፊት ፍርፋሪ ምክንያት ነው፤ ከዚያ አሸዋ ይዞ መውጣት ግን ክልክል ነው። ከሐኒያ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅና በነሐሴ ስለሚጨናነቅ ማልዶ መነሳት ይጠይቃል። ባሎስ በፎቶግራፍ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በጀልባ ካልሆነ በኮረኮንች መንገድ ተጉዞ ቁልቁል በእግር መውረድ፣ ሲመለሱም በፀሐይ ዳገቱን መውጣት ግድ ነው። አረጋዊ እናትን ይዞ የሚኬድበት ቦታ አይደለም። ታሪክ ለሚወድ ፋላሳርና ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ365 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የደሴቲቱን ምዕራብ ወደ ላይ ስላነሳው፣ የጥንቱ ወደብ ዛሬ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ይታያል። በምሥራቅ ጫፍ ያለው ቫይ በዘንባባ ደኑ፣ በደቡብ ያለው ማታላ ጥንት መቃብር በነበሩት የቋጥኝ ዋሻዎቹ ይታወቃሉ። ጸጥታ የሚሻ ደግሞ መኪና መንገድ የማይደርስባቸውን ሉትሮንና አጊያ ሩሜሊን በጀልባ ይሂድባቸው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የባህር ዳርቻ የማን ነው? ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ፣ በዮስጢንያኖስ ሕግ ጭምር፣ ባህርና ዳርቻው የሁሉም የጋራ ሀብት ተደርጎ ተቆጥሯል። የግሪክ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 967ም የባህር ዳርቻን ለጋራ አገልግሎት ከተመደቡ ነገሮች ይመድበዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም ዳርቻን ከሕዝብ ንብረት ይቆጥረዋል፤ ባህሩ ከእጃችን ቢወጣም አንቀጹ አልተፋቀም። ስለዚህ በግሪክ ነጋዴው ከመንግሥት የሚከራየው የተወሰነ ቁራጭ ቦታን የመጠቀም መብት እንጂ ዳርቻውን አይደለም።

በተግባር ግን ወንበሩና ጥላው እየተስፋፋ የሕዝቡን ቦታ ሲውጥ ኖሯል። በ2023 እ.ኤ.አ. ክረምት በፓሮስ ደሴት ነዋሪዎች ፎጣቸውን ይዘው “የፎጣ ንቅናቄ” የተባለውን ተቃውሞ ያስነሱት በዚህ ምክንያት ነበር። መንግሥት በቀጣዩ ዓመት ሕግ ቁጥር 5092/2024ን አወጣ። በዚህም ወንበርና ጥላ ከውኃው ጠርዝ 4 ሜትር መራቅ እንዳለበት ተደነገገ። በዚያው ዓመት ወንበርና ጥላ የማይከራይባቸው 198 ዳርቻዎች ተለይተው ታወቁ፤ የተፈቀደውን ቦታ በካርታ የሚያሳይና ዜጋው ጥሰትን የሚጠቁምበት “ማይኮስት” የተባለ የስልክ መተግበሪያም ሥራ ጀመረ።

በአንድ የሰሜን ዳርቻ ከውኃው ጠርዝ ላይ ፎጣ ዘርግተን ሳለ፣ ወንበር የሚያከራይ ወጣት መጥቶ “ለደንበኞቼ የተያዘ ቦታ ነው፣ ተነሱ” አለን። አልተቆጣሁም። ካርታውን በስልኬ ከፍቼ የእሱ ድርሻ ከየት እስከ የት እንደሆነ እንዲያሳየኝ በትሕትና ጠየቅሁት። ካርታውን አየት አድርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሁሉም አከራይ እንዲህ በቀላሉ ይመለሳል ማለቴ አይደለም። መብቱን የማያውቅ እንግዳ ግን ወይ ይከፍላል፣ ወይ ይነሳል።

ስለ “ሰማያዊ ባንዲራም” አንድ ነገር ልበል። በ1985 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የተጀመረው ይህ ምልክት በየዓመቱ የሚታደስ ሲሆን፣ የውኃውን ንጽሕናና የአገልግሎቱን ደረጃ ይመሰክራል። ዳርቻው ጸጥተኛ ነው ወይም ማዕበል የለውም ማለት ግን አይደለም። ምልክቱ የሚገኘው በማመልከቻ በመሆኑ፣ ባንዲራ የሌለው ሁሉ ቆሻሻ ነው ማለትም አይቻልም።

ወቅትን በተመለከተ መስከረም ከሁሉም ይሻላል እላለሁ። ውኃው የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው፤ ሕዝቡ ቀንሷል፤ ሜልቴሚም ይረግባል። በሬቲምኖና በሐኒያ ዳርቻዎች የባህር ኤሊዎች በበጋ እንቁላል ስለሚጥሉ፣ በአጥር የተከለለ ጎጆ ካዩ አይጠጉት፤ ማታም መብራት አያብሩበት።

ለጉዞ የተዘጋጀ አንባቢ እንግዲህ ማታ ማታ የነፋሱን ትንበያ ይመልከት፤ ከሰሜን የሚበረታ ከሆነ የነገውን ዕቅድ ይለውጥ። የወንበሩን ዋጋ ከመቀመጡ በፊት ይጠይቅ። መከራየት ካልፈለገ ግን ፎጣውን ዘርግቶ ይቀመጥ፤ ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። ልጆቹን ግን፣ ውኃው የቱንም ያህል ቢረጋ፣ ከዓይኑ አያርቅ።