የሚቃወሙት ፓርላማ ያጎላቸው ፖለቲከኞች

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2010 ሔርማን ቫን ሮምፑይ ብራስልስ በሚገኘው የአውሮፓ ፓርላማ አዳራሽ ተቀምጠዋል። የቀድሞው የቤልጂየም ጠቅላይ ሚኒስትር የአውሮፓ ምክር ቤት የመጀመሪያው ቋሚ ፕሬዚዳንት ሆነው ሥራ ከጀመሩ ገና ወራት መቆጠራቸው ነው። በትርፍ ጊዜያቸው ሃይኩ የሚባለውን የጃፓኖች አጭር ግጥም የሚጽፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ናቸው። ከፊት ወንበር የተነሱት እንግሊዛዊው ናይጄል ፋራዥ ግን፣ «ግርማ ሞገስዎ የእርጥብ ጨርቅ፣ መልክዎ የተራ ባንክ ጸሐፊ ነው» አሏቸው። «እርስዎ ማን ነዎት? ስምዎን የሰማ የለም» ሲሉም አከሉ። የሰውየውን አገር ቤልጂየምንም አገር ለመባል የማትበቃ አድርገው ገለጿት።

የፓርላማው ፕሬዚዳንት የርዢ ቡዜክ ይቅርታ እንዲጠይቁ ቢያሳስቧቸውም ፋራዥ አሻፈረኝ አሉ። ይቅርታ የምጠይቀው የባንክ ጸሐፊዎችን ብቻ ነው በማለትም አላገጡ። የ10 ቀን አበላቸው ተቆረጠ፤ ወደ 3 ሺሕ ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ መሆኑ ነው። የንግግሩ ምስል ግን በኢንተርኔት ዓለምን ዞረ። ለአንድ ፖለቲከኛ ከዚህ የረከሰ ማስታወቂያ አይገኝም።

ብዙ ሰው ይህንን ያየው እንደ እንግሊዞች የፓርላማ ባህል ነበር። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለሚመረምር ግን ፋራዥ ያንን የመሰለ ንግግር በአገራቸው ምክር ቤት ሊያደርጉት አይችሉም ነበር። መድረኩን የሰጣቸው፣ ይጥፋልን የሚሉት የአውሮፓ ኅብረት ነው።

የለንደኑ የታችኛው ምክር ቤት አሠራር በእርግጥ የፍልሚያ ነው። መንግሥትና ተቃዋሚ ፊት ለፊት ተፋጠው ይቀመጣሉ። በወንበሮቹ መካከል ወለሉ ላይ የተሰመሩት ሁለት ቀይ መስመሮች፣ ጎራዴ የመዘዙ ሁለት ሰዎች እንዳይደራረሱ የተለኩ ናቸው ይባላል። ረቡዕ ቀትር ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥያቄ ሲመልሱ የሚሰማው ጩኸትና ሳቅ፣ ለእኛ ለውጭዎቹ የጥንቱን የበላ ልበልሃ ሙግት ያስታውሳል። ይሁን እንጂ ፍልሚያው ጥብቅ አጥር አለው። ተናጋሪው የሚያነጋግረው አፈ ጉባዔውን እንጂ ተቃዋሚውን አይደለም። «አንተ» ወይም «እርስዎ» ብሎ ሌላውን አባል መጥራት ክልክል ነው። ባልደረባን ውሸታም ማለትም ከአዳራሽ ያስወጣል። የሌበር ፓርቲዋ ዶውን በትለር እ.ኤ.አ. በ2021 ቦሪስ ጆንሰን ደጋግመው ዋሽተዋል በማለታቸው ለዚያ ቀን ተባረዋል። «እርስዎ ማን ነዎት?» የሚለው የፋራዥ ጥያቄ እዚያ ቢሆን ከመጀመሪያው ቃል ላይ በቆመ ነበር።

የአውሮፓ ፓርላማ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ወንበሮቹ በግማሽ ክብ የተደረደሩ ናቸው፤ በመደበኛ ትርጉም መንግሥትም ተቃዋሚም የለበትም። ውሳኔ የሚያልፈው በትልልቆቹ ቡድኖች ስምምነት ነው። ንግግር በደቂቃ ይለካል፤ አብዛኛው አባል አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ተሰጥቶት የጻፈውን አንብቦ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ሁሉም ነገር በ24 ቋንቋዎች ይተረጎማል። ቀልዱ ፊንላንዳዊው ጆሮ ጋ ሲደርስ ተናጋሪው ሌላ ነገር ላይ ነው። ከወንበር ሆኖ የሚጮህን ሰው ድምፅ አስተርጓሚ አይሰማውም፤ ስለዚህም አይተረጎምም። እንዲህ ባለ ቤት አንድ ሰው ያለ ወረቀት ቆሞ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለአዳራሹ ሳይሆን ለካሜራው ሲናገር ከሁሉም ጎልቶ ይታያል። ፓርላማው ራሱ ስብሰባውን በቀጥታ በኢንተርኔት ስለሚያስተላልፍ ካሜራማን መቅጠር እንኳ አያስፈልግም።

ወግ አጥባቂው ዳንኤል ሃናን ይህ ገብቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2009 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ስትራስቡርግ መጥተው ሲናገሩ፣ ሃናን «ዋጋው የወደቀ መንግሥት፣ ዋጋቸው የወደቀ ጠቅላይ ሚኒስትር» ብለው በሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ንግግር ሸነቆጧቸው። አባባሉ የእሳቸው አልነበረም። የሌበር መሪ የነበሩት ጆን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ፓውንድ በወደቀ ሰሞን፣ ወግ አጥባቂውን ጆን ሜጀርን የወጉበት ነው። ሃናን ጦሩን ወደ ባለቤቱ መለሱት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ በዩቲዩብ ታየ። ስድብና ምፀት ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው፤ ሃናን የብራውንን መልክ አላነሱም፣ ያነሱት የአገሪቱን ዕዳ ነበር።

ለመሆኑ ፋራዥን ከፊት ወንበር ያስቀመጠው ምንድን ነው? በአውሮፓ ፓርላማ ብቻውን የሚቆም አባል ገንዘቡም የመናገሪያ ጊዜውም ትንሽ ነው። ቡድን የመሠረተ ግን ጽሕፈት ቤት፣ ሠራተኛና በጀት ያገኛል። የቡድን መሪ ከሆነም የኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት እንደተናገሩ ከመጀመሪያዎቹ ተናጋሪዎች አንዱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለቡድን ቢያንስ 25 አባላት ከ7 አገሮች ያስፈልጉ ነበር። ይህ ቁጥር ቀልድ እንዳልሆነ የታየው በኦክቶበር 2014 ነው። አንዲት የላትቪያ አባል ሲወጡ የፋራዥ ቡድን የአገሮች ቁጥር 6 ሆነ፤ ቡድኑም ፈረሰ። በቀናት ውስጥ ከፖላንድ አንድ አባል ተገኝተው ቡድኑ ዳግም ቆመ። ሰውየው የመጡበት ፓርቲ መሪ ሴቶች መምረጥ የለባቸውም በሚል አቋማቸው የሚታወቁ ነበሩ። የአገር ሉዓላዊነት አቀንቃኙ ፋራዥ የፊት ወንበራቸውን ያተረፉት በአንድ የውጭ አገር ሰው ፊርማ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ፓርላማው የገቡበት በርም ቢሆን አውሮፓዊ ነው። በእንግሊዝ ምርጫ በየወረዳው አንደኛ የወጣ ብቻ ስለሚያሸንፍ ትናንሽ ፓርቲዎች አይበረክቱም። አረንጓዴዎቹ እ.ኤ.አ. በ1989 የአውሮፓ ምርጫ 15 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝተው አንድም መቀመጫ አላገኙም። የቶኒ ብሌር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1999 ለአውሮፓ ምርጫ ተመጣጣኝ ውክልናን ሲያስገባ፣ የዩናይትድ ኪንግደም ነፃነት ፓርቲ (ዩኪፕ) በ7 በመቶ ድምፅ 3 መቀመጫ ያዘ። አንዱ የፋራዥ ነበር። በ2004 ወደ 12፣ በ2014 ደግሞ ከሁሉም ፓርቲዎች በልጦ ወደ 24 መቀመጫ ደረሰ። በቀጣዩ ዓመት በአገር አቀፉ ምርጫ 3.9 ሚሊዮን ገደማ መራጭ ድምፁን ሰጥቶት ለንደን ላይ ያገኘው ግን አንድ መቀመጫ ብቻ ነው። የፓርቲው መሥራች አለን ስኬድ፣ ብንመረጥ እንኳ ወንበሩን መረከብ የለብንም ባይ ነበሩ። ስኬድ እ.ኤ.አ. በ1997 ከፓርቲው ወጡ፤ ተከታዮቻቸውም ወንበሩንም አበሉንም ተረከቡ።

ኅብረቱን የሚጠራጠር ሁሉ ግን ተሳዳቢ አልነበረም። የቼክ ፕሬዚዳንት ቫክላቭ ክላውስ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2009 በዚሁ ፓርላማ ቀርበው፣ ከውህደት ሌላ አማራጭ የሚያነሳ ሰው እንደ ጠላት ይቆጠራል፣ እኛ የኖርንበት የቀድሞው ሥርዓት አማራጭም ተቃዋሚም አይፈቅድም ነበር አሉ። ገሚሱ አጨበጨበ፤ ሌሎች አባላት ንግግሩ ሳያልቅ አዳራሹን ጥለው ወጡ። ንጽጽሩ የተጋነነ ነው። ተቃውሞ አታስተናግዱም የተባሉ ሰዎች መልሳቸው መውጣት መሆኑ ግን ለክላውስ ያገዘ ይመስለኛል።

ዴንማርካዊው የንስ ፒተር ቦንደ ደግሞ ከ1979 እስከ 2008 በፓርላማው ተቀምጠው፣ ማንም የማያነባቸውን ውሎች ለተራ አንባቢ በሚገባ መልክ እያሳተሙ ያሰራጩ ነበር። ከ2004 በኋላ ከፋራዥ ጋር አንድ ቡድን በጋራ መርተዋል። ቦንደ ስለ ምስጢራዊ ሰነዶች ሲጠይቁ ዩቲዩብ አልተጨናነቀም። የመጡበት አገር ግን ሌላ ልማድ አላት። የዴንማርክ ሚኒስትር ወደ ብራስልስ ሄዶ ዋና ጉዳይ ከመደራደሩ በፊት የሚይዘውን አቋም ለአገሩ ፓርላማ የአውሮፓ ኮሚቴ ያቀርባል፤ አብላጫው ከተቃወመ ያንን አቋም ይዞ አይሄድም። ሕዝቡም እ.ኤ.አ. በ1992 የማስትሪክትን ውል 50.7 በመቶ በሆነ ድምፅ ጥሎ፣ አራት ጉዳዮች ለዴንማርክ እንዲቀሩላት ከተደረገ በኋላ በ1993 ተቀብሎታል። ክርክሩ ከውሳኔ በፊት ስለሚካሄድ ቁጣው መውጫ አለው።

ለንደን ውስጥ የአውሮፓን ሕጎች የሚመረምር ኮሚቴ አልጠፋም ነበር። ከ2010 እስከ 2024 የመሩት ቢል ካሽ ራሳቸው የታወቁ የኅብረቱ ተቃዋሚ ነበሩ። ዳሩ ግን ሥራው የዶሴ ሥራ ነበር፤ ጋዜጠኛ ብዙም አይገባበትም። ሚኒስትሮች ብራስልስ ላይ የተስማሙበትን ነገር አገር ቤት ሲመለሱ «ብራስልስ ጫነችብን» ማለት ቀላቸው። ለ40 ዓመታት ያህል ይህ ሲነገር የሰማ መራጭ፣ ፋራዥ መጥተው ያንኑ በሚያስቅ ቋንቋ ሲነግሩት ለምን አይሰማቸው?

እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2016 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 51.9 በመቶው ለመውጣት ድምፁን ሰጠ። ፋራዥም ከአምስት ቀን በኋላ ወደዚያው አዳራሽ ተመልሰው፣ ከ17 ዓመት በፊት ስመጣ ሁላችሁም ስቃችሁብኝ ነበር፣ አሁን ግን አትስቁም አሏቸው። በጃንዋሪ 29 ቀን 2020 የመጨረሻ ንግግራቸውን ሲጨርሱ ከባልደረቦቻቸው ጋር ትንንሽ ባንዲራ አውለበለቡ። ሰብሳቢዋ አየርላንዳዊት ሜሪድ መጊነስ ድምፅ ማጉያውን አጥፍተው ባንዲራችሁን ይዛችሁ ሂዱ አሏቸው።

ፋራዥ ሰባት ጊዜ ሞክረው ያልተሳካላቸውን የለንደን ወንበር ያገኙት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ነው። አዲሱ ፓርቲያቸው ሪፎርም 14.3 በመቶ ድምፅ አግኝቶ የደረሰው 5 መቀመጫ ብቻ ሲሆን፣ በ12.2 በመቶ ድምፅ ሊበራል ዲሞክራቶች 72 መቀመጫ ወስደዋል። በዚህም ምክንያት ረቡዕ ረቡዕ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የመጠየቅ ቋሚ ተራ ለሊበራሎቹ መሪ ሆነ። ፋራዥ ወደ ምክር ቤቱ ሲገቡ የጠበቃቸው ወይ ዕጣ፣ ወይ የአፈ ጉባዔው ጥሪ ነበር።